ጋሽ መክብብ አንድ ጊዜ ሲጠየቁ

ጋሽ መክብብ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ማህሌት ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሆስፒታል ሄጄ አይቻቸው ነበር። ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ ማህሌት በትልልቅ የስዊድንኛ ፊደል የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ «አባቴ ሲጠየቅ አይ ይላል። አልፈልግም ማለቱ ግን አይደለም። እባካችሁ ሦስት ጊዜ ጠይቁት» ይላል።

ወረቀቱ ያለ ምክንያት አልተለጠፈም። ነርሷ ማስታገሻ ልስጥህ ወይ ስትላቸው «አይ፣ ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ» ብለዋል። እሷም እሺ ብላ ሄደች፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ዋሉ። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነርሶቹ መመሪያውን ቃል በቃል መፈጸም ጀመሩ። እኔ ባለሁበት አንዷ ገባችና ሳትተነፍስ «ውሃ ትፈልጋለህ፣ ውሃ ትፈልጋለህ፣ ውሃ ትፈልጋለህ?» አለቻቸው። ጋሽ መክብብ ውሃውን ተቀብለው ጠጡና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይኼ እኮ ልመና አይደለም፣ ቆጠራ ነው» አሉኝ።

ስዊድን የገባሁ ሰሞን ሁስቢ በተባለ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ እዚያው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። ሥራም አንድ ቦታ ነበርን። የሆስፒታል አንሶላና ጋውን የሚታጠብበት ትልቅ ድርጅት ውስጥ እሳቸው ማድረቂያው ጋ፣ እኔ ማጠፊያው ጋ እንቆማለን። አገር ቤት ግን ጋሽ መክብብ በእርሻ መሥሪያ ቤት የእንስሳት ባለሙያ ነበሩ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን የሠሩት የጭነት አህያ ጀርባ ላይ በሚወጣ ቁስል ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም። «ይህ ሁሉ እህል ገበያ የሚደርሰው በማን ጀርባ ይመስልሃል?» ይላሉ። ተካ የሚባል የሥራ ባልደረባችን በዚህ የተነሳ «ዶክተር አህያ» የሚል ስም አወጣላቸው። ጋሽ መክብብ አልተቆጡም። «ተው እንጂ ተካ፣ ገና ዶክተር አልሆንኩም» ብቻ ነው ያሉት።

የሸክም ነገር ካዩ ማለፍ አይችሉም። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሰማያዊ መስመር አንድ ረጅም ስዊድናዊ ወጣት ግዙፍ የጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ ከፊታችን ቆመ። ጋሽ መክብብ ጥቂት ፌርማታ ያህል ታገሡ። ከዚያ ተነሡና ምንም ሳይናገሩ የልጁን የትከሻ ማንገቻ ሳብ፣ የወገቡን ቀበቶ ጠበቅ አደረጉለት። ልጁ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ገረመው መሰለኝ፣ አመሰገናቸው። ጋሽ መክብብ ሲቀመጡ በአማርኛ፣ «እንዲህ አድርጎ የጫነውን ሰው ባገኘው እከሰው ነበር» አሉ።

«ራሱ ነው እኮ የተሸከመው» አልኳቸው።

«እሱ ነው የሚያሳዝነው።»

ስዊድን በመጡ ሰሞን ብዙ ከስተው ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ከብርዱ ነው ይል ነበር። እሳቸው ግን፣ «ያከሳኝ ብርዱ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቃቸው ነው» ይላሉ። የቋንቋ አስተማሪያቸው ቤቷ ጠርታቸው፣ ኬክ ትበላለህ ስትላቸው ለጨዋነት አይ አሉ። ሴትዮዋ ኬኩን መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። «የፍሪጁ በር ሲዘጋ ልቤም አብሮ ተዘጋ» ይሉ ነበር።

በራሳቸው ቤት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ ዝምታዬን እንደ እምቢታ ቆጥረው «በሞቴ» እያሉ እጥፍ ያጎርሱኝ ነበር። በርቲል የሚባለው ጡረተኛ ጎረቤታችን መጀመሪያ የተጋበዘ ዕለት ጠገብኩ ሲል ተጨመረለት፤ በቃኝ ሲል ተጨመረለት። በመጨረሻ የምግቡን ሳህን ሁለት እጁን ዘርግቶ ሸፈነው። ጋሽ መክብብ በእጁ ላይ ሊጨምሩበት ምንም አልቀራቸውም።

እንዲህ ያሉት ሰው ነበሩ የዶክትሬት ዕድል ከእንግሊዞች የሚጠብቁት። ስዊድን ውስጥ ሞክረው፣ እዚህ አህያ የለም ተብለዋል። ብሪታንያ ግን አህያ የሚወድ ሕዝብ አለ ብለው ሰምተዋል። ለዓመታት ለዩኒቨርሲቲዎቹ ሲጽፉ የሚመጣላቸው መልስ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ርዕስዎ ደስ ይላል፣ የሚያማክርዎ መምህር ግን የለንም፤ መምህር አለን፣ ገንዘብ ግን የለንም፤ ሁለቱም አሉን፣ ገንዘቡ ግን ለብሪታንያ ዜጋ ነው። የራሱ ገንዘብ የሌለው የውጭ አገር ሰው ደግሞ እዚያ መማርን አያስበውም፤ ክፍያው ለባዕድ እጥፍ ድርብ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሁስቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእንግሊዝኛ ሳምንታዊ መጽሔት ሳገላብጥ ከኋላ ገጹ ላይ ትንሽ ማስታወቂያ አየሁ። አንድ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ በጭነት እንስሳት ላይ ለሚሠራ የዶክትሬት ተማሪ የሦስት ዓመት ክፍያና የመኖሪያ ወጪ ይሸፍናል ይላል። ገንዘቡ ከአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ጥናቱ የሚካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የዜግነት ገደብ የለውም። መጽሔቱን ተውሼ ቤት ወሰድኩት። ጋሽ መክብብ ማስታወቂያውን አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡ። «ይህን ያወጣው ሰው ያውቀኛል» አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ በመዋዕለ ሕፃናት ነው የሚሠሩት፤ ቀኑን ሙሉ ልጅ ሲያባብሉ ስለሚውሉ ቤት ሲገቡ ትዕግሥታቸው አልቋል። «እባክህ ይህን አግኝልኝ» አሏቸው። «ካላገኘኸው እስክሞት ስለ አህያ መስማቴ ነው።»

ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። እንግሊዝኛ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስለኖርኩ ቃል ላይ ድርቅ እላለሁ። ለቁስል የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ይሻላል በሚል አንድ ሙሉ እሑድ ተከራከርን። ከዚህ የባሰው ግን ስለ ራሳቸው የሚጽፉት ክፍል ነበር። «ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይህ ይውጣ።»

«ለምን? እውነት አይደለም እንዴ?»

«እውነት ሊሆን ይችላል። የጠየቁት ግን ስለ እርስዎ ነው።»

ሰረዙት። ስመለስ ወደ መጨረሻው ገጽ ወርዶ አገኘሁት። የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው የልብስ ማጠቢያውን አለቃችንን ጠየቁት፤ ስዊድናዊው አለቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ «መክብብ በሰዓቱ ይመጣል» የሚል። ጋሽ መክብብ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ግን ደነገጥኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማመልከቻው አለፈ። ጥናቱን የሚመሩት ሴት ፕሮፌሰር ራሳቸው ደውለው በስልክ ፈተኗቸው። ስለ ኮርቻና ስለ ጭነት ሚዛን ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ ጋሽ መክብብ እጃቸውን በአየር ላይ እያወናጨፉ የማይታይ አህያ ሲጭኑና ሲያራግፉ አየናቸው። ውጤቱን እናሳውቃለን ተባሉ።

ስልኩ የተደወለው አንድ ሐሙስ እራት ላይ ነው። ማህሌት አንስታ ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው ብድግ አሉና ሹራባቸውን ቆለፉ። እትዬ ስንዱ ጭልፋውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። የምንሰማው የጋሽ መክብብን ወገን ብቻ ነበር፤ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ቢሆንም አማርኛ ነበር።

«ኦ፣ በጣም አመሰግናለሁ ... አይ፣ አይ፣ እባክዎ፣ ለእኔ ብላችሁ ምን አስቸገራችሁ ... እኔ እኮ አርጅቻለሁ፤ ለወጣት ብትሰጡት ይሻላል።» ጸጥታ ሆነ። «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። አይቸገሩ፣ በእውነት።» እንደገና ጸጥታ። «እርስዎም ደህና ይሁኑ።»

ስልኩን በቀስታ አስቀመጡ። ፊታቸው በርቷል። «ሰጡኝ» አሉ።

እትዬ ስንዱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ማህሌት በስዊድንኛ አቋረጠቻቸው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። «ፓፓ፣ ኔይ አልክ እኮ» አለች።

«መጀመሪያ ነዋ።»

«ታዲያ መቼ ነው እሺ የምትለው?»

«ሲለምኑኝ ነዋ። አሁን መልሰው ይደውላሉ» አሉና እራታቸውን ቀጠሉ።

አልደወሉም። ዓርብም አልደወሉም። ቅዳሜና እሑድ ማንም ስልክ እንዳይነካ ታዘዘ። ማህሌት ጓደኞቿን ለማነጋገር በርቲል ቤት ትሄድ ጀመር። ሰኞ ማታ ጋሽ መክብብ ከስልኩ ፊት ተቀምጠው፣ «እንግሊዝ ጨዋ ነው ሲባል ነበር የምሰማው» አሉ። «ጨዋ ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

«ደውለህ እፈልጋለሁ በላቸው» አሉ እትዬ ስንዱ።

«እምቢ ያልኩትን? በራሴ አፍ? ምን ይሉኛል?»

ማክሰኞ ማድረቂያው ጋ አንሶላ ስንጎትት ቀልድ የሌለበት ነገር ሲናገሩ ሰማኋቸው። ማሽኑ ይጮኻል፤ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ይህን ርዕስ ተሸክሜ ነው የምዞረው» አሉኝ። «ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀኝም። አንድ ጊዜም ቢሆን።»

ይህን ለእትዬ ስንዱ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ሽማግሌ ይላካ» አሉ።

ረቡዕ ማታ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ከኖርስቦሪ የመጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ጡረተኛና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ። ሁለተኛው ከቬሊንግቢ የመጡት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ ጌታሁን ናቸው። ሁለቱ በአንድም ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም ነበር። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ጋሽ ወርቁ በላዩ ነጠላ ደርበዋል። የስልኩ ማጉያ እንደማያሳያቸው ብነግራቸው፣ «እኛስ እንተያይ የለም?» አሉኝ። ጋሽ መክብብ ባለጉዳይ ስለሆኑ ፊት ለፊት መቀመጥ ስለማይገባቸው መኝታ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ደወልን። ፕሮፌሰሯ አነሡት።

ሽማግሌዎቹ ከስልኩ ፊት ቆሙ። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን አጥፍቷል» ብለው ጀመሩ።

ተረጎምኩ። «ልጃቸው ነው?» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ሃምሳ ሦስት ዓመቱ መስሎኝ ነበር።»

«እግርዎ ላይ ወድቀናል በላቸው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እኔ የቃል ሰው ነኝ፤ እንዳለ ተረጎምኩት። «ወደቁ?» አሉ ፕሮፌሰሯ። «የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም፣ ቆመዋል» አልኩ።

«ስለ ምን ቆሙ? እባክህ ይቀመጡ በላቸው።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ጌታሁን «ተመስገን» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጋሽ ወርቁም ተቀመጡ፤ እትዬ ስንዱ እልልታውን ለቀቁት። ለሽምግልና የሄደ ሰው የሚቀመጠው የጠየቀው ሲፈቀድለት ነው። ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው። ፕሮፌሰሯ ግን ያሉት እንዲያርፉ ብቻ ነበር። ይህን ሳስረዳ ሁለቱም እያጉረመረሙ እንደገና ተነሡ።

ያኔ ማህሌት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ፣ «አባቴ ይፈልገዋል» አለች። «አይ ያለው እንደገና እንዲጠይቁት ብሎ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ቀስ ብለው፣ «ይህ ኢትዮጵያውያን ሁሉ የሚያደርጉት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በወግ ያደገ ሰው ሁሉ» አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ተረጎምኩ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ገባኝ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «አቶ መክብብ እምቢ ሲሉ ተጠባባቂ ለነበረው ሰው ደወልኩ። ጀርመን አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። እሱም፣ አይ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ አለኝ። ገንዘባችን ላይ ምን ነውር ቢያዩ ነው ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። አሁን ቦታው ክፍት ነው። አቶ መክብብ ከፈለጉት ...»

እትዬ ስንዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የመኝታ ቤቱ በር ግን ተከፈተና ጋሽ መክብብ ወጡ። ደስ ያለው ሰው አይመስሉም። ስልኩ አጠገብ ደርሰው፣ «ይህ ሰውዬ ይፈልገዋል» አሉ በእንግሊዝኛ።

«አልፈልግም ነው ያለኝ።»

«ይፈልገዋል። ይኸኔ ስልኩን አቅፎ ተቀምጧል። እኔ ካልገባኝ ለማን ይገባዋል? እባክዎ መልሰው ይደውሉለት። ሦስት ጊዜ ይጠይቁት። ሦስተኛውን እምቢ ካለ እወስደዋለሁ።»

ጋሽ ወርቁ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «መክብብ፣ እኛን የላክኸን ለራስህ ነው ለእሱ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እትዬ ስንዱ ሽማግሌዎቹን በልተው እንዲሄዱ አስገደዷቸው፤ ሸኟቸው፤ ከዚያ መጥተው ከባላቸው ፊት ቆሙ። «ሁለት ጊዜ ጠይቁት ብትል ምን ነበረበት?» አሉ። «ጨዋ ከሆነ ሁለተኛውንም እምቢ ይል ነበር፤ ቦታው ያንተ ይሆን ነበር።»

«እሱን አስቤዋለሁ» አሉ ጋሽ መክብብ። «ሁለት ማለት ማታለል ነው።»

በማግስቱ ማታ ፕሮፌሰሯ ደወሉ። ማጉያው አሁንም ክፍት ነበር። ሰውዬው ተቀብሏል አሉ። ጋሽ መክብብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፃቸውን አስተካክለው፣ «ሦስተኛው ላይ?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለተኛው ላይ። እንዲያውም ጠይቄ አልጨረስኩም ነበር።»

ጋሽ መክብብ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጠይቀው ሳይጨርሱ?»

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ አለኝ።»

ወደ እኛ ዞሩ። የጠፋውን ዕድል ለጊዜው ረስተውታል። «ጠይቃው ሳትጨርስ» አሉ በአማርኛ። «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? ለእንዲህ ያለ ሰው ነው የለቀቅኩት?»

«አቶ መክብብ፣ አሉ?» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ስለ እርስዎ ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሌላ ነገር አለ፤ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም፤ ምናልባት ...»

«እሺ» አሉ ጋሽ መክብብ።

«ገና ምን እንደሆነ አልነገርኩዎትም።»

«ይንገሩኝ። እሺ ብያለሁ።»

የትምህርት ክፍያው ብቻ የሚሸፈንበት፣ መኖሪያ የማይታሰብበት፣ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ የዶክትሬት ቦታ ነበር። እዚያው ሁስቢ እየኖሩ፣ እዚያው አንሶላ እያደረቁ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ ብሪታንያ ብቅ እያሉ። ስድስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ጨረሱት። ጀርመን ያለው ሰው ከእሳቸው ሦስት ዓመት ቀድሞ ጨርሷል፤ በጽሑፉ ምስጋና ላይ ስማቸውን በትልቁ አንሥቷል፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው «ያ ችኩል» ነበር የሚሉት።

ያን ዕለት ማታ ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። ፕሮፌሰሯ ዝርዝሩን ተናግረው ተሰናበቱ። ጋሽ መክብብ ስልኩን አስቀምጠው ከአጠገቡ ቆመው ቀሩ። እትዬ ስንዱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ጋሽ መክብብ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ማህሌትን፣ ከዚያ እኔን አዩ። የሹራባቸውን ቁልፍ ፈቱ። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ቸኮልኩ እንዴ?» አሉ።